ሳያውቁ የመበደል ጥያቄ፦ ከጁባ ፍላሽ ዲስክ እስከ ዋሽንግተን ችሎት

በሌላ ሰው ፈቃድ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ለሠራው ሥራ አድራጊው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የሃይማኖት ሊቃውንትንና ፈላስፎችን ሲያከራክር የኖረ ቢሆንም፣ በዚህ ዘመን ግን ከመጻሕፍት ወጥቶ በየጽሕፈት ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ገብቷል። ማልዌር ወይም ጎጂ ሶፍትዌር የሚባለው፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የደራሲውን ወይም የላኪውን ሐሳብ እንዲፈጽም የተሰናዳ ፕሮግራም ነው። ሌባ መክፈቻውን፣ ወራሪ ጦሩን ይዞ ሲመጣ፣ ማልዌር ግን የሚጎዳበትን ሁሉ የሚያገኘው ከራሱ ከተጎጂው ነው። የሚሠራበት ኤሌክትሪክ የባለቤቱ ነው፤ ስሌቱን የሚያካሂድበት ፕሮሰሰር የባለቤቱ ነው፤ ፋይል ለመክፈት፣ ለመገልበጥና ለመላክ የሚያዝበት ሥልጣንም ኮምፒውተሩ ለባለቤቱ የሰጠው ሥልጣን ነው። ወደ ሌላ ማሽን ሲሻገርም የባለቤቱን ስም፣ አድራሻና አመኔታ ይዞ ይሻገራል። እንግዲህ ከዚያ ማሽን ወጥቶ ሌላውን የጎዳ ሥራ የማን ሥራ ሊባል ነው?

ጁባ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የምትመች ከተማ ናት። የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በኡጋንዳ ድንበር በኒሙሌ በኩል የገባ የፋይበር መስመር ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ኢንተርኔት የሚደርሳት በአብዛኛው በሳተላይት ነበር፤ መብራትም ለረጅም ጊዜ የጄኔሬተርና የነዳጅ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ኔትወርክ ውድና ዘገምተኛ ስለሚሆን የስርዓተ ክወናውም ሆነ የአንቲቫይረሱ ማሻሻያ ከወር ወር ይዘገያል፤ ሰነድም በኢሜይል ከመላክ ይልቅ በፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። በኢትዮጵያም ከትልልቆቹ ከተሞች ወጣ ሲሉ ነገሩ ከዚህ ብዙ ስለማይርቅ፣ በጁባ ሆቴልና ሱቅ ይዘው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሰነድ ለማሳተም ፍላሻቸውን ይዘው ሲወጡ የሚገጥማቸው ነገር በደብረ ማርቆስ ወይም በወልድያ ከሚገጥማቸው የተለየ አይሆንም።

በዚህ ልውውጥ ላይ የሚኖረውና ሰዉ በተለምዶ «የሾርትከት ቫይረስ» የሚለው የማልዌር ዓይነት አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ብዙ ያስተምራል። በባለሙያዎች አከፋፈል ይህ ቫይረስ ሳይሆን ወርም፣ ማለትም በሌላ ፕሮግራም ላይ መለጠፍ ሳያስፈልገው ራሱን እያባዛ ከማሽን ወደ ማሽን የሚሄድ ፕሮግራም ነው። ፍላሹ በተበከለው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ወርሙ በውስጡ ያሉትን ፎልደሮች አያጠፋቸውም፤ «የተደበቀ» እና «የሥርዓቱ ፋይል» የሚሉ ምልክቶች ሰጥቶ ከዓይን ይሰውራቸውና በየቦታቸው፣ በየስማቸው፣ ሾርትከት የሚባለውን ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ትንሽ ጠቋሚ ፋይል ያስቀምጣል። የሾርትከቱ ሥዕል የፎልደር ሥዕል ነው፤ ከእውነተኛው የሚለየው በግርጌው ጥግ ባለች አንዲት ቀስት ብቻ ነው። ሰውየው «ደረሰኝ» የሚል ስም የሰጠውን ፎልደር ሲከፍት ሾርትከቱ ሁለት ትእዛዝ በተከታታይ ያስፈጽማል፤ መጀመሪያ በፍላሹ ውስጥ የተደበቀውን ወርም ያስነሣል፣ ቀጥሎም እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትለታል። ሰነዱ እንደ ወትሮው ይገኛል፣ ይታተማል፣ ሂሳቡ ይከፈላል። በዚያው መካከል ወርሙ ራሱን ወደ አዲሱ ማሽን ገልብጦ፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ በማስነሻ ዝርዝሩ ውስጥ ተመዝግቦ፣ የተደበቁ ፋይሎችን ለማሳየት የሚያስችለውን ቅንብር አጥፍቶ፣ የሚቀጥለውን ፍላሽ መጠበቅ ይጀምራል። አንዳንዶቹ በዚህ አያበቁም፤ ኢንተርኔት ባገኙ ቁጥር በሩቅ ካለ ሰርቨር ጋር እየተገናኙ ትእዛዝ ይቀበላሉ፣ ማሽኑም ባለቤቱ ሳያውቅ ሌሎችን ለማጥቃት ወይም አላስፈላጊ መልእክት ለመበተን ከሚታዘዙ ብዙ ማሽኖች አንዱ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው በአንድ እጅ የሚታዘዝ የማሽኖች ስብስብ ቦትኔት ይባላል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የተዋሸ ሰው እንጂ የዋሸ ሰው አይገኝም፤ ነገሩም በተለመደው ትርጉም ስህተት ሊባል አይችልም። ስህተት የሚባለው ያሰቡት ሳይሆን ያላሰቡት ሲሆን ነው፤ የጣት መንሸራተት፣ የቁጥር መዛነፍ፣ የመንገድ መሳት ሁሉ እንዲህ ናቸው። ፎልደሩን የከፈተው ሰው ግን ያሰበውን በሙሉ አድርጓል፣ ያሰበውንም በሙሉ አግኝቷል፤ ጉዳቱ የተሠራው በዚያ ስኬት ላይ ተጭኖ ነው። ፎልደሩ ባይከፈት ኖሮ ሰውየው ይጠራጠርና ፍላሹን ይነቅል ነበር። ስለዚህ የወርሙ ደራሲ የሰውየውን ፈቃድ ሊያሸንፈው ሳይሆን ሊያሟላው ተጨነቀ፤ በጎውን ሥራ እያሳካ ክፉውን ሥራ በላዩ አሳፈረ። የሥነ ምግባር ትምህርት በተለምዶ የሚያስተናግዳቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች፣ ማለትም እያወቀ ያደረገውና ተገድዶ ያደረገው፣ ሁለቱም ከዚህ ሰው ጋር አይመሳሰሉም።

ክፋት ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን አባቶች የሰጡት መልስ በመጀመሪያ ሲታይ ለዚህ ጉዳይ የተሰናዳ ይመስላል። በአራተኛው መቶ ዘመን የቂሳርያው ባስልዮስ እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ አለመሆኑን ባስተማረበት ድርሳን፣ ክፋት በራሱ የቆመ ህላዌ እንደሌለውና የመልካም ነገር ጉድለት እንደሆነ አስረድቷል፤ በምዕራብም አውግስጢኖስ ይህንኑ ሐሳብ አስፋፍቶታል። ኃይሉን፣ ማኅደሩንና ሥልጣኑን ሁሉ ከሌላ የተዋሰ፣ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ የሚቆም ነገር የራሱ ህላዌ የሌለው ክፋት ጥሩ ምሳሌ ይመስላል። ጉድለት ወደሚለው ቃል ሲደረስ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። በደንብ የተጻፈ ማልዌር ምንም አይጎድለውም፤ ሥርዓት ያለው፣ ቁጥብና ብልሃት የተሞላ የእጅ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ከብዙ ሕጋዊ ፕሮግራሞችም ይልቅ በጥንቃቄ የተሠራ ሆኖ ይገኛል። ራስን ማባዛትም በራሱ ክፉ አይደለም፤ ጆን ፎን ኖይማን በ1940ዎቹ መጨረሻ ራሱን የሚያባዛ ማሽን በሐሳብ ሲነድፍ የሕይወትን አሠራር ለመረዳት እንጂ ለጥፋት አልነበረም።

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ፍሬድ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ጥናት ለዚህ ውስብስብነት ሒሳባዊ መልክ ሰጥቶታል። የትኛውንም ፕሮግራም መርምሮ ቫይረስ መሆን አለመሆኑን ያለ ምንም ስህተት የሚለይ መርማሪ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል አሳየ። ማስረጃው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ እንዲህ ያለ መርማሪ ቢኖር፣ መርማሪውን በውስጡ ይዞ «ቫይረስ ነህ» ሲባል የማይባዛ፣ «አይደለህም» ሲባል የሚባዛ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፤ መርማሪው የትኛውንም መልስ ቢሰጥ ተሳስቷል። ከዚህ የሒሳብ ገደብ ውጭም በየዕለቱ ሥራ የሚታይ ሌላ ገደብ አለ። በጁባ የተቀመጠ ቴክኒሻን በዬይ ከተማ ያለን ኮምፒውተር ከርቀት ከፍቶ የሚጠግንበት ፕሮግራምና ሰላይ የሰውን ስክሪን የሚያይበት ፕሮግራም በኮዳቸው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያያቸው ባለቤቱ ፈቅዷል ወይስ አልፈቀደም የሚለው ብቻ ነው። የባስልዮስ መልስ እዚህ ላይ የሚጸናው ጉድለቱ የሚፈለግበት ቦታ ሲቀየር ነው፤ የጎደለው ነገር በፕሮግራሙ ውስጥ ሊኖር ይገባ የነበረ ሳይሆን በሁለት ሰዎች መካከል ሊኖር ይገባ የነበረ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ በማሽን ውስጥ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ማሽኑን ብቻ የመረመረ ሰው ክፋቱን አያገኘውም።

ከጁባ በስተ ምዕራብ በያምቢዮ ዙሪያ፣ ድንበር ተሻግሮም በኮንጎና በመካከለኛው አፍሪካ የሚኖሩት ዛንዴዎች ሳያውቁ ስለ መጉዳት የተራቀቀ ሐሳብና ከሐሳቡም የተራቀቀ ሥርዓት ነበራቸው። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ኤድዋርድ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1920ዎቹ አብሯቸው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ እንደመዘገበው፣ ዛንዴዎች ማንጉ የሚሉት ነገር በአንዳንድ ሰዎች ሆድ ውስጥ የሚኖር፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚወረስ፣ ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ ሳለ ወጥቶ ሌላውን የሚጎዳ ኃይል ነው። ከዚህ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የጎተራው ምሳሌ ነው፤ በእግሮቹ ላይ ከፍ ብሎ የቆመ ጎተራ ከሥሩ ጥላ ፈልገው በተቀመጡ ሰዎች ላይ ሲወድቅ፣ ዛንዴዎች እግሮቹን ምስጥ እንደበላቸው ያውቃሉ፣ ምስጥ የለም አይሉም፤ የሚጠይቁት እነዚህ ሰዎች በተቀመጡበት በዚያች ሰዓት ለምን ወደቀ ብለው ነው። ምስጡ አንድ ምክንያት ነው፣ ማንጉ ሌላ ምክንያት ነው፣ አንዱም ሌላውን አያስወጣውም። የኮምፒውተር ባለሙያ የተበከለ ማሽን ሲመረምር የሚከተለው መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ያልታደሰው ስርዓተ ክወና ምስጡ ነው፣ ቀዳዳውን አይቶ የገባው ሰው ግን ለብቻው ይፈለጋል።

ይሁን እንጂ ለተበከለ ማሽን ጉዳይ ከጎተራው ይልቅ የሚጠቅመው የክንፉ ሥርዓት ነው። አንድ ሰው ታሞ የሕመሙ ምክንያት የጎረቤቱ ማንጉ ነው ተብሎ በጥንቆላ ሲወሰን፣ የዶሮ ክንፍ ለአካባቢው ሹም ይቀርባል፤ ሹሙም ክንፉን በመልእክተኛ እጅ ወደ ተጠርጣሪው ቤት ይልካል። መልእክተኛው ክንፉን ከፊቱ አስቀምጦ ስለ ማን ሕመም እንደመጣ በትሕትና ይነግረዋል። ተጠርጣሪው አይቆጣም፣ አይከራከርም፤ በቅል ውሃ አስመጥቶ በአፉ ይዞ በክንፉ ላይ ይረጫል፣ በሆዱ ማንጉ ካለ እሱ እንደማያውቀው፣ ካለም እንዲቀዘቅዝ እንደሚመኝ ይናገራል። መልእክተኛው ያየውን ተመልሶ ይነግራል፤ በሽተኛው ከዳነ ነገሩ ያልቃል። ይህ ሲባል ሥርዓቱ ሁልጊዜ ገር ነበር ማለት አይደለም፤ ሞት ሲመጣ በቀል ይከተል ነበር። በሕመም ጊዜ ግን ጥያቄው «ለምን ጎዳኸው» የሚል ሳይሆን «አሁን አቀዝቅዝልን» የሚል ነው።

የዚህ ሥርዓት ጥበብ በደልንና ግዴታን መነጣጠሉ ላይ ነው። ተጠርጣሪው ጥፋተኛ ነህ አልተባለም፣ ይሁን እንጂ ነገሩ አይመለከተኝም ብሎ እንዲሄድም አልተተወም፤ ያላወቀው ነገር አያስቀጣውም፣ ከነገሩት በኋላ ግን ዝም ማለት አይችልም። ኤቫንስ ፕሪቻርድ ያስተዋለው ሌላ ነገርም አለ፤ እያንዳንዱ ዛንዴ የራሱ ማንጉ ቢኖር ሳያውቅ እንደሚሠራ ሲያምን የሌሎች ማንጉ ግን እያወቁ የሚሠሩበት ይመስለዋል። በማሽኖች ዓለምም ይህ ነው የሚታየው። የራሱ ፍላሽ የጎረቤቱን ኮምፒውተር የበከለበት ሰው «ምን አውቄ» ይላል፣ ከጎረቤቱ ኮምፒውተር የተበከለበት ዕለት ግን «ሆን ብሎ» ይላል። አለማወቅ ለራስ የሚሰፋ፣ ለሌላ የሚጠብብ ልብስ ሆኖ ይኖራል።

በኢትዮጵያ የሃይማኖትና የሕግ ልማድ ውስጥም ለዚህ መነጣጠል ቦታ አለ፣ ነገር ግን ተበታትኖ ነው የሚገኘው። ምእመናን በጸሎት በማወቅም ባለማወቅም ለሠሩት በደል ይቅርታ ሲለምኑ፣ ሳያውቁ የተሠራው ሥራ ፍጹም የሌላ ሰው ሥራ እንዳልሆነ ይመሰክራሉ፤ የኦሪት ሕግም ሳያውቁ ለተሠራ ኃጢአት የተለየ መሥዋዕት ወስኗል። በኦሪት ዘጸአት የሚገኘው ስለ ተዋጊ በሬ የተደነገገው ሕግ ደግሞ ጉዳዩን ወደ ማሽን ያስጠጋዋል፤ በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፣ ከዚያ በፊት ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ተጠያቂ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ከዚህም አልፎ፣ እንስሳው ከባለቤቱ ቁጥጥር በድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ባለቤቱን በኃላፊነት ይይዘዋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በበኩሉ ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨትን ወንጀል የሚያደርገው ከማወቅና ሆን ብሎ ከማድረግ ጋር አያይዞ ነው፤ ወንጀል ነውና ይህ ተገቢ ነው። በሁለቱ መካከል ግን ሳያውቅ የጎዳውና ቢነገረው ሊያስቆም የሚችለው የማሽን ባለቤት ያለ ሕግ ቆሟል። እሱን እንደ በሬው ባለቤት ማየት ይከብዳል፤ በሬ በራሱ ጠባይ ይዋጋል፣ የተበከለ ማሽን ግን የራሱ ጠባይ ሳይሆን የሌላ ሰው ሐሳብ ነው የሚዋጋበት።

ከዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር ሊዘለል አይገባም። የጉዳትን ባለቤት ፍለጋ ባለቤት በሌለበት ቦታም ባለቤት ይፈጥራል። በሰሜን ኢትዮጵያ ቡዳ የሚለው እምነት ስንት ቀጥቃጭ፣ ስንት ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ያለ ሥራው እንዳስወነጀለና ከጋብቻና ከማዕድ እንዳስለየ ይታወቃል። በኮምፒውተርም ጥቃቱ ከአንድ አድራሻ መምጣቱ የዚያ አድራሻ ባለቤት አጥቂ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የማልዌር ዋነኛ ብልሃት በሌላ ሰው በር መውጣት ነውና። ዛንዴው ክንፉን ላከ እንጂ ጦር አለመላኩ ለዚህም ጥበብ ይሆናል፤ ተጠርጣሪው በእውነት ማንጉ ባይኖረው እንኳ የተረጨ ውሃ ማንንም አይጎዳም።

መንግሥት አድራጊ ሲሆን ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። በጁባ እራሷ የታወቀው ጉዳይ የማሽን መበከል አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ባወጣው ዘገባ ቬሪንት ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ የእስራኤል ቅርንጫፍ ቢያንስ ከ2015 እስከ 2017 ለደቡብ ሱዳን የመገናኛ መጥለፊያ መሣሪያና ድጋፍ ማቅረቡን፣ ክፍያውም ቪቫሴል በተባለው የስልክ ኩባንያ በኩል ያለፈ መሆኑን ገልጿል። እንዲህ ያለው ጠለፋ በስልክ ኩባንያው መሥመር ላይ የሚደረግ ስለሆነ የተናጋሪው ስልክ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ የማሽኑም ባለቤት የሚሠራውን ያውቃል። ሳያውቁ የመበደል ጥያቄ በዚያ አይነሣም። የሚነሣው ወደ ግለሰቡ ቤት በሚገባው ስፓይዌር፣ ማለትም ለስለላ በተሠራ ማልዌር ነው፤ ከኢትዮጵያ ጋር ተያይዞ በፍርድ ቤት የተመረመረው ጉዳይም ይህ ነው።

በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ፊንስፓይ ስለሚባል፣ ጋማ ግሩፕ ለመንግሥታት ይሸጠው ስለነበረ ስፓይዌር ባወጣው ጥናት፣ የተቃዋሚው ድርጅት የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ የተሰራጨ ቅጂ ማግኘቱንና ይህ ቅጂ ትእዛዝ የሚቀበልበት ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ እንደነበረ አሳወቀ። በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖርና ፍርድ ቤቱ «ኪዳኔ» በሚል ስም እንዲከስስ የፈቀደለት ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሩ በዚሁ ፕሮግራም ተበክሎ ተገኘ። እንደ ክሱ አቀራረብ ፕሮግራሙ የገባው ከሚያውቀው ሰው በደረሰው ኢሜይል አባሪ ሆኖ በተላከ ሰነድ ነው፤ ልክ እንደ ፍላሹ ሁሉ እዚህም ማልዌሩን ያሻገረው የወዳጅ እጅ ነበር። ከዚያም ከጥቅምት 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 ድረስ የስካይፕ ንግግሩን ቀድቷል፣ የቤተሰቡን የኢንተርኔት ፍለጋ ሳይቀር መዝግቧል። ስፓይዌር እንዲህ ባለው ማሽን ላይ ከወርሙ የተለየ ጠባይ አለው፤ ለመባዛት አይቸኩልም፣ ማሽኑን አያዘገይም፣ የሰበሰበውን ቆልፎ በጥቂት በጥቂቱ ይልካል፤ ባለቤቱ ያለ ሥጋት እንዲናገር ኮምፒውተሩ ጤነኛ መስሎ መቆየት አለበትና።

ኪዳኔ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በተባለው የመብት ድርጅት ድጋፍ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ1976 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥታት በዚያ አገር ፍርድ ቤት እንዳይከሰሱ ከለላ ሲሰጣቸው፣ በአሜሪካ ምድር ለተፈጸመ በደል ግን ከለላውን ያነሣል፤ ፍርድ ቤቶቹ ደግሞ ይህን ልዩ ሁኔታ በደሉ በሙሉ በአሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ ሲሆን ብቻ የሚሠራ አድርገው ተርጉመውታል። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በ2016 ክሱን ዘጋ፤ የይግባኝ ሰሚው ችሎትም መጋቢት 14 ቀን 2017 ውሳኔውን አጸና። ምክንያቱም ኪዳኔን ለመጉዳት የታሰበው ሐሳብ በውጭ አገር የነበረ መሆኑ፣ ፕሮግራሙን የማሰናዳትና የማሰማራት ሥራም በውጭ አገር የተሠራ መሆኑ ነው፤ ሰነዱ ሜሪላንድ ውስጥ መከፈቱ በደሉን በሙሉ የሜሪላንድ አያደርገውም ተባለ።

ይህ ፍርድ ሐሳብን ከሥራ አስቀድሞ በሚመዝን ሰው ዘንድ የሚናቅ አይደለም። በእስልምና ሥራ በኒያ፣ ማለትም በልብ በታሰበው ዓላማ ይመዘናል፤ በክርስትናም ኃጢአት ከልብ ይወጣል። ሐሳቡ ባለበት ሥራው አለ ከተባለ ችሎቱ ሥራውን ወደ ሐሳቡ አገር መመለሱ ከዚህ ትምህርት ጋር የሚስማማ ይመስላል። ሆኖም ይኸው የይግባኝ ፍርድ ቤት የሚያስተዳድረው አውራጃ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1980 ቺሊያዊው ኦርላንዶ ሌተሊየር በ1976 በዋሽንግተን መንገድ ላይ በመኪና ቦምብ በተገደለበት ጉዳይ የቺሊን መንግሥት ከለላ አንሥቶ ነበር፤ ያም ግድያ የታሰበው በሳንቲያጎ ነው። ልዩነቱ በሌተሊየር ጉዳይ ቦምቡን ያጠመዱት ሰዎች በአካል ዋሽንግተን ውስጥ መገኘታቸው ነው። እንዲህ ከሆነ የሕጉ ጥያቄ በመጨረሻ ሐሳቡ የት ነበር የሚል ሳይሆን የሰው አካል የት ነበር የሚል ይሆናል፤ የሰውን አካል በፕሮግራም የተካ መንግሥት ደግሞ በሰው ቤት የሚሠራውን ሁሉ እየሠራ በዚያ ቤት እንዳልነበረ ይቆጠራል። በጁባው ሰንሰለት ሥራው በየቦታው እያለ በእጁ የያዘው ሁሉ ሐሳቡን አያውቅም ነበር፤ በሜሪላንዱ ጉዳይ ግን በሐሳቡ ላይ ጥርጥር ሳይነሣ ሥራው አገር አጣ። ማሽንን የአድራጊው የእጅ ቅጥያ አድርጎ ያየ አመለካከት ከዚህ ውጤት ላይ ባልደረሰም ነበር፤ የኪዳኔ ኮምፒውተር ለእነዚያ ወራት ያለ ኪዳኔ ፈቃድ የታዘዘለት ሰው እጅ ነበር፣ እጁም ሜሪላንድ ነበር።

ችሎቱ የዘጋው የተጠያቂነትን በር ነው፤ የክንፉ ሥርዓት የሚከፍተው ሌላው በር፣ ማለትም ነግሮ የማስቆም በር፣ በሕግ አልተዘጋም ነበር። ለኪዳኔ ክንፍ ይዘው የመጡት የምርምር ሰዎችና የመብት ጠበቆች ናቸው። የዛንዴው መልእክተኛ ግን ቃሉ የሚከበረው ከሹም ስለተላከ ነው፤ ከሳሹ ራሱ ክንፉን ተሸክሞ ቢሄድ ጠብ ይሆን ነበር። በኢትዮጵያ ለተበከሉ ማሽኖች ባለቤቶች ማስጠንቀቂያ የመስጠት ሥራ የተሰጠው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኢንሳ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ሃኪንግ ቲም ከተባለው የሚላኖ ስፓይዌር ሻጭ ተሰርቀው የወጡት ኢሜይሎች ከደንበኞቹ አንዱ አድርገው ያሳዩትም ይህንኑ መሥሪያ ቤት ነው። ክንፍ ላኪውና ክንፍ የሚላክበት አንድ ሲሆን መልእክተኛው የሚሄድበት ቤት የለም።

ለተላከውም ክንፍ የተሰጠው መልስ ከኪዳኔ ኮምፒውተር ውስጥ ተነብቧል። የሲቲዝን ላብ ጥናት በወጣ በአምስተኛው ቀን በማሽኑ ላይ የነበረው ፊንስፓይ ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ማጥፋቱ ስላልተሟላ ግን አሻራው ቀረ፣ ክሱም በዚያ አሻራ ላይ ቆመ። ጥናቱ በወጣበት በ2013 ታኅሣሥ 20 ቀን፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ በቤልጂየምና በቨርጂኒያ ያሉ ሁለት የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች ላይ ሃኪንግ ቲም በሠራው ስፓይዌር ሦስት ጊዜ የጥቃት ሙከራ ተደረገ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ይኸው ሲቲዝን ላብ ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የተሠራ ስፓይዌር የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ በውጭ ላሉ ኢትዮጵያውያን፣ ከእነርሱም መካከል ለኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርኩ ጃዋር መሐመድ፣ መላኩን አወጣ፤ ይህን ያወቀውም ላኪዎቹ የተበከሉትን ማሽኖች የሚመዘግቡበትን ፋይል ማንም ሊያየው በሚችል ሰርቨር ላይ ክፍት ትተውት ስለነበረ ነው።